ቤት ያለው ዋስ

‹‹ቤት ያለው ዋስ ያምጣ ብለነዋል፤ ከየት አባቱ ሊያመጣ!›› ብሎ አያሌው ሲስቅ የሰማሁት፣ ቀበሌ ዘይት ለመውሰድ ተሰልፌ ነው። አምስት ሊትሩ ሱቅ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ስለገባ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። እኔ ጉልበቴ መቆም ስለማይችል መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። አያሌው የቀበሌያችን የጸጥታ ሰው ነው፤ ውስጥ ካለው ባልደረባው ጋር የሚያወራው ስለ ገብረወልድ ነበር። ገብረወልድ ከቤቴ ፊት ለፊት ሁለት ክፍል ተከራይቶ በአንዱ የሚኖር፣ በአንዱ የሚሠራ አናጢ ነው። እሁድ እሁድ ጣውላውንና መላጊያውን ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ ጥቂት ጴንጤዎችን ያስጸልይ ነበር። ‹‹ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስበሃል›› ብለው ከወሰዱት ያን ቀን ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ፍርድ ቤት አላቀረቡትም፤ ቤቱንም አሽገውታል። ‹‹አሥራ አራት ሰው ናቸው እኮ። ሁሉም ተከራይ፣ ሁሉም ልጅ እግር። ማን የቤት ካርታውን ይዞ ይመጣላቸዋል?›› አለና እንደገና ሳቀ።

ዘይቴን ተቀብዬ ዝም ብዬ ቤቴ ገባሁ። ዝም ያልኩት ሳያንገበግበኝ ቀርቶ አይደለም፤ ከአሥራ አራቱ አንዷ የልጅ ልጄ ምኞት ስለሆነች ነው። እኔ የማርያም ነኝ፤ ምኞትም ክርስትና የተነሣችው እዚያው ነው፣ እነ ገብረወልድ ጋ መሄድ ከጀመረች ግን ሁለት ዓመት ሆናት። ያን እሁድ እሷንም ወስደው አንድ ሌሊት አሳደሯትና ሁለተኛ አልደርስም የሚል ወረቀት አስፈርመው ለቀቋት። ኬጂ ታስተምራለች፤ አሠሪዎቿ እስካሁን አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆነዋል። ሲወስዷቸው እኔ መጋረጃዬ ጀርባ ቆሜ ነበር። ምኞት መኪናው ላይ ልትወጣ ስትል ቀና ብላ መስኮቱን አየችው። ከዚያ ወዲህ ‹አይተውኝ ነበር?› ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አይቼሻለሁ አላልኳትም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ዘርግተን ስለ ሽሮ መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ሮቤ ብርድ እናወራለን። እሁድ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዘለን እናልፈዋለን።

‹‹እቴቴ፣ ዛሬ ጎባ ሰው ላገኝ ነው፤ ለማንም እንዳይናገሩ›› አለችኝ ሐሙስ ጠዋት፣ ጫማዋን እያሰረች። ሰው ያለቻት ከውጭ አገር የመጣች ሴት ናት። በሃይማኖታቸው ምክንያት መንግሥት ያሰራቸውን ሰዎች ጉዳይ የሚያጣራ የሰብአዊ መብት ድርጅት ልኳት ነው፤ ነገ በጠዋት ትመለሳለች። የገብረወልድ ስም ሪፖርቱ ውስጥ እንዲገባ ምስክር ያስፈልጋታል። አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ፣ በምስጢር፣ ምኞት ብቻዋን። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ብቻዋን የሚሉት ነገር ነው። ሰው ጥርሱን ሊነቀል እንኳ ብቻውን አይሄድም! ሥራዋን ብታጣስ? ፎቶ ቢያነሷትስ? ሴትዮዋ የተባለችው ሴትዮ ባትሆንስ? ‹‹አንድ ሰው ብቻ ነው የተባለው›› ስትለኝ ‹‹እኔ አያት ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁም›› አልኳትና ነጠላዬን አነሣሁ። ሳቀች። ከታሰረች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ቁልፌን ለዙቤዳ ላስቀምጥ ጎራ አልኩ። ዙቤዳ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በስሟ ነው። ምስጢሩን አላወጣሁም፤ ይሄን ማንም ሊመሰክርልኝ ይችላል። ያልኳት ይህን ብቻ ነው፤ ‹‹ምኞት ጎባ ተጠርታለች፣ አብሬያት ልሄድ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።›› እንባዬ ግን ሳላዘው መጣ።

‹‹ማል ታቴ? ምን ሆነች፣ እትዬ?››

‹‹አትጠይቂኝ አልኩሽ እኮ!›› ብዬ ቁልፉን ወርውሬላት ወጣሁ። ምስጢር በመጠበቄ ኮርቼ ነበር። አንድ ጊዜ የታሰረች ልጅ ‹‹ተጠርታለች›› ተብሎ አያቷ ስታለቅስ በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ያሰብኩት፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

እንዳልታወቅ ብዬ ነጭ ነጠላዬን በጥቁር ሻሽ ለውጬ ነበር የወጣሁት። ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሠራች ሴት ግን በሻሽ አትደበቅም፤ መናኸሪያ እስክንደርስ ስድስት ሰው አስቆመን። ‹‹ጥርሴን ልነቀል ጎባ ልሄድ ነው›› እላለሁ፤ አንዱ በቅርንፉድ ይያዙት ይለኛል፣ ሌላዋ የራሷን አፍ ከፍታ ታሳየኛለች። ምኞት ፊቷን አዙራ በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሚኒባሱ ሰላሳ አምስት ብር አስከፈለን። መንገዱ ላይ ኮምባይነር ከፊታችን ገብቶ፣ የስንዴውን ማሳ በግራም በቀኝም እያየን፣ ጎባ እስክንደርስ በእግር የምንሄድ ነበር የመሰለኝ። ከኋላችን የመጣውን መኪና ሁሉ እየዞርኩ አያለሁ። ‹‹እቴቴ፣ አንገትዎ ይቀጫል›› አለችኝ።

ፔንሲዮኑ ግቢው የተጠረበ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ አምስት ክፍል ያለው ቤት ነው። በረንዳው ላይ አንዲት ጠይም፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ወፍራም ሹራብ የደረበች ሴት ሻይ ትጠጣለች። የጎሮ ነጋዴ መሰለችኝና ጠጋ ብዬ ‹‹እህት፣ ፈረንጇ የት ክፍል ናት?›› አልኳት በሹክሹክታ። አጠገቧ የነበረው መነጽር ያደረገ ወጣት ሻዩ ትን አለው። ለካ መርማሪዋ እሷው ናት! ዋንጂሩ ትባላለች፣ የኬንያ ሰው ናት፤ ወጣቱ ዳግማዊ ደግሞ ከአዲስ አበባ አብሯት የመጣ አስተርጓሚ ነው። ያልኳትን ሲነግራት ሳቀችና ሁለት እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነው። የባሌ ብርድ እንዳልተነገራት ገባኝ፤ ካልሲ ደርባ እንድታደርግ ንገራት አልኩት። ከዚያ ግን ፊቷ የሥራ ፊት ሆነ። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። የምስክር ስም አይጻፍም። ምኞት በፈለገች ሰዓት አቁሙ ማለት ትችላለች። ‹‹እማማ ደግሞ ውጭ ይጠብቁናል›› አለ ዳግማዊ።

‹‹እኔን ነው?››

‹‹ሕጉ ነው፣ እማማ። ምስክር ብቻውን ነው የሚናገረው፤ ለእሷው ደኅንነት ነው።››

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ አርባ ብር የሚሸጡትን ውኃ ከፍቼ ሳልጠጣው ያዝኩት። መጋረጃውን ሲዘጉ አየሁ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ፤ ዳግማዊ ብቅ ብሎ አየኝና ወንበሩን መለስኩት። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ፤ አንዴ ፎጣ ነው፣ አንዴ እንቁላል ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ግን የመጣው ፎጣም እንቁላልም አልነበረም። ከውጭ የሚኒባስ በር ሲከፈት፣ ብዙ እግር ሲወርድ፣ ከዚያ ደግሞ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

‹‹የታለች? የት ነው ያስገቧት?››

ዙቤዳ ናት። የቤቷን ካርታ በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ከኋላዋ ከማለዲን፣ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴው፣ ንግድ ፈቃዱን ከነፍሬሙ ከግድግዳ ነቅሎ መጥቷል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ተክለማርያም ጋቢያቸውን ደርበው የእድሩን ማኅተም በሳጥኑ ይዘዋል። ሌሎቹም አሉ፤ የደመወዝ ደብዳቤ የያዘ፣ መታወቂያ የያዘ፣ ለምኞት ብርድ ልብስና ዳቦ የያዘች። አሥራ አንድ ሰው! ሁለት ቦታ ጠይቀው፣ ጥቁር ሻሽ ያደረገች አሮጊትና ቀጭን ልጅ ወዴት ሄዱ ብለው፣ ሦስተኛው ሰው በጣቱ ያሳያቸው እዚህ ነው። ‹‹ዋስ ልንሆን ነው የመጣነው፣ አዮ። ህን ሶዳቲን፣ አይፍሩ›› አለኝ ከማለዲን፤ አዮ የሚለው እናት ሲል ነው። የፔንሲዮኑ ባለቤት ከኩሽና ወጥቶ የምን ስብሰባ ነው እያለ ይለምናል። አቶ ተክለማርያም ማኅተሙን ከፍ አድርገው ‹‹ኃላፊው ይጥሩልን!›› ይሉታል።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ዳግማዊ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ቀጥሎ ዋንጂሩ፣ ቀጥሎ ምኞት። ምኞት ሰዉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አስተያየቷ ከስድብ የባሰ ነበር። መርማሪዋ ለዳግማዊ ዝግ ብላ ነገረችው፤ እሱም አቀርቅሮ ተረጎመው። ምስጢሩ ወጥቷል፤ ምስክሯን ማን እንዳያት ከእንግዲህ አይታወቅም፤ በሕጋቸው እዚህ ላይ ማቆም አለባት። ይቅርታ ትጠይቃለች። የገብረወልድ ስም ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ‹‹ሌላ ጊዜ መቼ ነው?›› አለች ምኞት። መልሱን እኔም እሷም እናውቀው ነበር። ዋንጂሩ ነገ በጠዋት ትሄዳለች። ሃያ አምስት ቀን የታሰረው ሰው ስሙን የሚጽፍለት ሳይኖር ሊቀር ነው፤ ያበላሸሁት ደግሞ እኔ፣ አትጠይቂኝ እያልኩ ያለቀስኩት።

ነገሩ ለዙቤዳና ለከማለዲን ሲገለጽላቸው መጀመሪያ ቅር አላቸው። ‹‹ወላሂ ይሄ ምን የሚያስደብቅ ነገር ነው?›› አለች ዙቤዳ። ‹‹ከማን ነው የምትደብቁት? ከእኔ?›› ከማለዲን ግን ፍሬሙን በብብቱ እንደያዘ ወደ መርማሪዋ ዞረ። ‹‹ንገርልኝ፣ ወንድም። በእናንተ አገር እንዴት እንደሆነ እንጃ። እዚህ ብቻዋን የገባችው ናት የምትጎዳው። አሁን እንኳ ደኅና ናት፤ ይኸው አሥራ አንድ ሰው አይቷታል።›› ዳግማዊ ተረጎመ። ዋንጂሩ ማስታወሻ ደብተሯን እንደገና ከፈተች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ከጸሎት ቤቱ አባላት ሌላ፣ ከእናንተ መሐል ሲወሰዱ በዓይኑ ያየ ሰው አለ?

ሁሉም ተያየ። ያን እሁድ ሰዓቱ ጠዋት ነበር፤ ዙቤዳ ጎሮ ገበያ፣ አቶ ተክለማርያም ቤተ ክርስቲያን። ምኞት መሬት መሬት ታያለች፤ አልጠራችኝም። ብትጠራኝ ኖሮ ጉልበቴን አመመኝ እል ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ስላልጠራችኝ አፌ ብቻውን ተከፈተ።

‹‹እኔ አይቻለሁ።››

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ከማለዲንና አቶ ተክለማርያም የግቢውን በር ዘግተው ወንበር አወጡና ተቀመጡበት። ዙቤዳ የፔንሲዮኑን ባለቤት ይዛ ለአሥራ አንድ ሰው ሁሉም የሚበላው የጾም ምሳ ስንት ትላለህ እያለች መከራከር ጀመረች፤ ሰውየውም ሥጋቱን ትቶ ሒሳብ ውስጥ ገባ። እኔ ከምኞት ጋር ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ብቻውን የሚለውን ሕግ ዋንጂሩ ልታስታውሰን ነበርና ምኞት ደግፋ እንደያዘችኝ አይታ ተወችው። በስንት ሰዓት ብላ ጠየቀችኝ፤ ካርድ ክፍል የሠራሁ ነኝ፣ ሰዓት አልስትም፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ አልኳት። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን ዱላ እንደያዘ፣ ማን እንዳልያዘ ነገርኳት። ገብረወልድ በካልሲ ነበር፤ ጫማዬን ላድርግ ሲል አሁኑኑ ውጣ አሉት። ጣቱ ላይ ኮላ ደርቆ ነበር፣ ለጸሎቱ ከመዘጋጀቱ በፊት ወንበር ሲያጣብቅ አይቼዋለሁ። አልመታም፣ አልተሳደበም። መዝሙሩን ጀምረው አልጨረሱትም። ‹‹ምኞት መኪናው ላይ ስትወጣ ቀና ብላ መስኮቴን አየችው›› አልኩ። ‹‹እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አልወጣሁም። ፈርቼ ነው ያልወጣሁት።››

ዳግማዊ ሲተረጉም ምኞት ሳታየኝ እጄን ፈልጋ ያዘችው። ‹‹መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቼዋለሁ፣ እቴቴ›› አለች። ‹‹እዚያ መሆንዎን ሳውቅ ነው ማልቀሴን ያቆምኩት።›› እኔ ደግሞ እዚያው ጀመርኩት።

መጨረሻ ላይ በምን ስም ልጻፍዎት አለችኝ፤ እውነተኛው አይገባም። ‹‹ሀዋኒ በዪኝ›› አልኳት። ‹‹የማውቃት ሀዋኒ ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው፤ መጥተው አያስሯትም።›› ዋንጂሩ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ከልቧ ሆና፣ እርስዎ ምን ቢደረግ ይፈልጋሉ ብላ ጠየቀችኝ። ሪፖርቱ መቼ ይወጣል አልኳት። ስድስት ወር፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። ስድስት ወር! ያኔ የአያሌው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣና ተነሥቼ ወጣሁ።

‹‹ዙቤዳ፣ ያ ካርታ ለማን ነው ያመጣሽው?››

‹‹ለምኞት ነዋ!››

‹‹ምኞት አልታሰረችም።›› ያንን መናገር ቀላል ነበር፤ ቀጣዩ ከበደኝ፣ የሰው ቤት ነው። ‹‹ገብረወልድ ግን ታስሯል። ቤት ያለው ዋስ ካመጣ እንለቀዋለን እያሉ ሲስቁበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን ለማንም ሳልናገር ከረምኩ።››

ዙቤዳ ፌስታሉን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ማንም አልጎተጎታትም፤ የአራት ልጆች ቤት ነው። ‹‹ይጠፋል?›› አለች።

‹‹ወዴት ይጠፋል!›› አለ ከማለዲን። ‹‹የሱቄን መደርደሪያ ግማሹን ሠርቶ ነው የገባው። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ምስማሩን መሬት ላይ ደርድሬ የምሸጠው እኔ ነኝ።››

‹‹የልጄን አልጋም በነጻ ጠግኖልኛል›› አለች ዙቤዳ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ምሳውን አቋረጠችውና ተነሣች። ‹‹ኑ እንግዲህ! ካርታዬን ጎባ ድረስ ለሽርሽር አላመጣሁትም።››

ዋንጂሩ በር ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች፤ ካልሲ ደርባለች። እሷ አብራን መምጣት አይፈቀድላትም፤ ስንጠየቅም ስሟን አላነሣንም። ስምንት ሰዓት ላይ ሮቤ ተመልሰን ፖሊስ ጣቢያው በር ደረስን። ኃላፊው መጀመሪያ አቤቱታ መስሎት ወደ ውስጥ ሊመለስ ነበር። ዙቤዳ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ‹‹ቤት ያለው ዋስ ብላችኋል፤ ይኸው ቤቱ።›› ካርታውን ገለበጠው፣ ማኅተሙን በጣቱ ፈተገው፣ እሷን አየ፣ ሻሿን አየ። ‹‹እርስዎ የእነሱ አማኝ ነዎት?››

‹‹አስተግፊሩላህ! ጎረቤቱ ነኝ።››

ኃላፊው ለአያሌው ደወለ። ምን እንደተባለ አልሰማንም፤ ስልኩን ከጆሮው አራቅ አድርጎ መያዙን ግን አይቻለሁ። መስኮቱን ሲያይ ከማለዲን ከነፍሬሙ፣ አቶ ተክለማርያም ከነሳጥናቸው፣ ሌላውም ወረቀቱን እንደያዘ ተሰልፏል። ‹‹አንድ ዋስ ይበቃል›› አለ በመጨረሻ ደክሞት። አቶ ተክለማርያም ግን ማኅተሙን ይዘው መመለስ ስላልሆነላቸው የዋስትናው ፎርም ጥግ ላይ አሳርፈውበታል፤ እድሩን ማንም ሳይጠይቀው። ቤቱ እንደታሸገ ይቆያል ተባልን። እሱን ነገ እንነጋገራለን አልን።

ገብረወልድ በጎኑ በር ወጣ። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፣ እግሩ ላይ የሰው ነጠላ ጫማ አድርጓል። ፀሐዩ ወግቶት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየን። አቶ ተክለማርያም ከፊት በጋቢያቸው፣ ከማለዲን ቆቡን እንዳደረገ፣ እኛ ሴቶቹ ተከናንበን፣ ማን ይቅደም እየተባባልን በዓይናችን፣ ሁላችንም ዝም። እሱም ባለበት ቆመ። አንድ በአንድ አየን፤ ከዚያ ተመልሶ የእድሩን ሊቀመንበር አየ።

‹‹እናቴ ናት?›› አለ።

ማንም አልገባውምና ማንም አልመለሰለትም። ያ ደግሞ አባሰበት።

‹‹እናቴ ናት አይደል? መቼ?›› ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። ‹‹ወይኔ እናቴን! ሳልቀብራት!››

ምን ይፈረድበታል! ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ሽማግሌውና ነጋዴው ሥራ ፈትቶ፣ የእድር ሊቀመንበሩን ከፊት አስቀድሞ፣ ደጅ ላይ ዝም ብሎ ሰው የሚጠብቀው መርዶ ሊነግር ብቻ ነው። ዲንሾ አሮጊት እናት አሉት። ዙቤዳ ሰው ሲያለቅስ ቆማ ማየት አትችልም፤ ማን እንደሞተ ሳታጣራ እንባዋን ለቀቀችው። እሷን አይቼ እኔም ተከተልኩ። አቶ ተክለማርያም ‹‹አይዞህ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው›› ሲሉ ሰማኋቸው።

‹‹እቴቴ! ማን ሞቶ ነው?›› አለች ምኞት ክንዴን ይዛ።

‹‹እኔ እንጃ!›› አልኩ እያለቀስኩ።

ምኞት በስልኳ ዲንሾ ደወለች፤ ቁጥሩን ገብረወልድ እያለቀሰ በቃሉ ነገራት። እናትየው፣ እማማ ሽቶ፣ አነሡና ከዚህኛው ወገን የአሥራ አንድ ሰው ልቅሶ ሰሙ። ‹‹ልጄን! ልጄን በሉት!›› የሚል ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተሰማ። ገብረወልድ ስልኩን ነጥቆ ተነሣ። ‹‹እማዬ! አልሞትኩም! አንቺ አልሞትሽም?››

‹‹እኔማ ገብስ እያሰጣሁ ነው! ማን ነው ታዲያ የሞተው?››

ስልኩን ይዞ ወደ አቶ ተክለማርያም ዞረ። ‹‹ማንም አልሞተም፣ ልጄ›› አሉት እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። ‹‹ተፈትተሃል። ልንወስድህ ነው የመጣነው።››

ገብረወልድ እንደገና አየን፣ ከዳር እስከ ዳር። ‹‹ይሄ ሁሉ ሰው?›› አለ። ‹‹ለእኔ?››

ከስልኩ ውስጥ እማማ ሽቶ ‹‹ማን ሞተ? መልሱልኝ እንጂ!›› እያሉ ይጮኻሉ፤ ሁላችንንም ሳቅ ይዞን መልስ የሚሰጣቸው ጠፋ።